«የጫነ አህያ ይወጣዋል?» — በፎገራ ዙሪያ በሚገኙ ደናማ ኮረብቶች የሳይክል መንገድ ለሚፈልጉ

በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ሻይ ይጠጣባታል፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚሄደው ደግሞ እዚሁ ይታጠፋል። ብዙው መንገደኛ ከፎገራ የሚያስታውሰው ሩዙን፣ ከብቱንና ሜዳውን ነው። ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ያየ ግን ሜዳው የሚያልቅበትን፣ ኮረብታው እየተደራረበ እስከ ጉና ተራራ የሚወጣበትን ጠርዝ ያገኛል። በዚያ ጠርዝ ደን አለ፤ በደኑ ውስጥና ዙሪያም ለሳይክል የሚሆን መንገድ ሞልቷል።

ይህ ምክር መንገዱን ለሥራ ለሚፈልጉ ነው። ሳይክል ለማከራየትና እንግዳ ለመምራት የሚያስቡ ወጣቶች ይጠቀሙበታል። በሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም አቋራጭ ያገኙበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንያዝ። በእኛ ደጋ ማንም የማያውቀው መንገድ የለም። በሌላው ዓለም የሳይክል ክለቦች ጫካ ውስጥ ለስፖርት ብለው መንገድ ይቆፍራሉ፤ በአዲስ አበባም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለሳይክል የተዘጋጀ መንገድ አለው። ፎገራ ዙሪያ ያለውን ቀጭን መንገድ ግን ያወጣው ጉዳይ ያለው ሰው ወይም ከብት ነው። ጉዳዩን ያወቀ ሰው መንገዱን ሳያየው ዳገቱን፣ ስፋቱንና የሚዘጋበትን ወር መገመት ይችላል።

የት እንፈልግ?

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ መጀመሪያ ነው፤ ዳገቱን በጠመዝማዛ አለዝቦታል። ስለዚህ ሳይክለኛ በመኪና መንገዱ ወጥቶ በእግረኛ መንገድ ቢወርድ ጉልበቱን ይቆጥባል።

በዚህ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ደን ዓለም ሳጋ ነው። ደብረ ታቦር ከመድረሱ በፊት፣ የፎገራና የፋርጣ ወረዳዎች በሚዋሰኑበት አካባቢ የሚገኝ የመንግሥት ደን ሲሆን ስፋቱ 800 ሄክታር ያህል ነው። የተፈጥሮ ደንና የተተከለ ዛፍ ጎን ለጎን ይገኙበታል። የተተከለው ክፍል ሰፋ ሰፋ ያለ መተላለፊያ ስላለው ለጀማሪ ይመቻል፤ የተፈጥሮው ክፍል ጠባብና ሥር የበዛበት ነው።

ሁለተኛው ከወረታ በሰሜን በኩል፣ ይፋግን አልፎ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ያለው ጣራ ገዳም ነው። ደኑ ከ2,100 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ተራራውን ለብሶ ይታያል፤ ወይራ ይበዛበታል። ቦታው ገዳም መሆኑን ግን ለአፍታም መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው በየኮረብታው ጉልላት ላይ የተበተነው የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። ደቡብ ጎንደር በዚህ ይታወቃል፤ ብዙዎቹ ደኖች ግን ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። ዋናው ጥቅማቸው እያንዳንዳቸው ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣ መንገድ የሚገናኝባቸው መሆናቸው ነው። ሁለትና ሦስት ቤተ ክርስቲያን በአንድ መስመር ማገናኘት የቻለ ሰው የግማሽ ቀን ጉዞ አገኘ ማለት ነው።

ማረፊያ ሲታሰብ ዓለም በር አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው አውራ አምባ ይመጣል። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ እንግዳ መቀበል ከለመደ ቆይቷል። ሽመናውን አይቶ ምሳ በልቶ ጉዞ መቀጠል ይቻላል።

መንገዱን ማን አወጣው?

የገበያ መንገድ ከሁሉ ይሻላል። በሁለት ጎኑ ጆንያ የጫነ አህያ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ሊሆን አይችልም፤ አህያዋ ቀጥ ያለ ዳገት ስለማትወድም በዳገቱ ላይ ዞር ዞር እያለ ይወጣል። ድንጋዩ በኮቴ ብዛት ተልጎ ለስልሷል። አንድ ችግር አለው፦ በገበያ ቀን ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በዚያ ቀን መንገዱን እዩት እንጂ አትንዱበት።

የቤተ ክርስቲያን መንገድ አቋራጭ ይወዳል። አስቀዳሹ በእግሩ ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ የድንጋይ ደረጃ አለው። ለመውጣት ሳይክሉን መግፋት ግድ ይላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ደግሞ ለሌላው መንደር የሚወርድ መንገድ አይጠፋም፤ የመጣችሁበትን ሳትደግሙ ዞራችሁ የምትመለሱት በዚያ ነው።

የከብት መንገድ ያታልላል። ከመንደር ሲወጣ እንደ መኪና መንገድ ሰፊ ነው፤ ግጦሹ ጋ ሲደርስ አሥር ቦታ ተበትኖ ይጠፋል። በክረምት ጎርፍ ስለሚወርድበት መሐሉ ተቦርቡሮ ቦይ ይሆናል።

የእንጨት ለቃሚ መንገድ ከሁሉ የከፋው ነው። ደን ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ቅርንጫፉም ዝቅ ያለ ነው። የውኃ መንገድም እንዲሁ አጭር፣ ቀጥ ያለና ጀሪካን በሚያፈስሰው ውኃ የሚያንሸራትት ነው። ኮረብታው እርከን ከተሠራበት ደግሞ በየጥቂት ሜትሩ ቦይና ካብ ይገጥማችኋል። ለደን ማገገሚያ የተከለለ ቦታ ለከብት የተከለከለ ነው፤ ሳይክልም አይግባበት።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ

የኢትዮጵያ 1፡50,000 የቦታ አቀማመጥ ካርታ ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሚዘጋጀው በፌዴራሉ የጂኦስፓሻል ተቋም ነው። በካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የከፍታ መስመሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ናቸው፤ ከካርታው ግርጌ ማረጋገጥ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ መንገድ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሁለት መስመር ካቋረጠ፣ በ500 ሜትር 40 ሜትር ወጣ፤ ይህ 8 በመቶ ዳገት ነው፤ በቀላል ማርሽ ይነዳል። አምስት መስመር ካቋረጠ 20 በመቶ ነው፤ ሳይክሉን እናንተ ትገፋላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ካርታው ከሌለ ስልክ ይበቃል። ጎግል ኧርዝ ላይ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የተነሳ ምስል ምረጡ፤ እርሻው ደርቆ ቡናማ ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ ደን ክብ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይለያል፣ መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ወደ ክቡ የሚገቡትን ነጫጭ መስመሮች ተከተሉ። መስመሩ ሁለት መንደር ወይም መንደርና ገበያ ካገናኘ ምልክት አድርጉበት፤ ሜዳ ላይ ከተበተነ የከብት ነው፣ ተዉት። የባሕር ዛፍ እርሻ በምስሉ ላይ ማዕዘን ያለው ሆኖ ይታያል፤ ባለቤት አለውና ሳይጠየቅ አይገባም።

ኦስማንድን የመሰለ ካርታ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ከመውጣታችሁ በፊት ጫኑት። ኔትዎርክ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቢኖር ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል።

አጠያየቅ ይወስናል

ካርታ የማያውቀውን ሰው ያውቃል፤ ነገር ግን የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። ገበሬ «ለሳይክል ይሆናል?» ሲባል፣ ሳይክል ምን እንደሚወድ ስለማያውቅ እንግዳውን ላለማስከፋት «ይሆናል» ይላል። ርቀት ሲጠየቅም እንደዚያው ነው። በራሱ እግር ለክቶ ሲመልስ እንዲህ ይሆናል፦

«አያ፣ እንደምን ዋሉ? ይህ መንገድ ወዴት ያወጣል?»

«ዓለም በር ያወጣል።»

«ሩቅ ነው?»

«አይ፣ ይህችው ናት!»

«ይህችው ናት» ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ጉዳዩን ይፈታዋል፦

«የጫነ አህያ ይወጣዋል?»

«ኧረ አህያስ በዚያ በባሕር ዛፉ በኩል ነው የምትዞር። ይህን ሰው ነው የሚያቋርጠው።»

የምትፈልጉት መንገድ በባሕር ዛፉ በኩል ያለው ነው። በዚህ ዓይነት ሌሎች ጥያቄዎችን አዘጋጁ። «የታመመ ሰው በቃሬዛ በየት ነው የሚወርደው?» ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ገደልና መሰናክል ስለሚሸሹ መንገዱ ለሳይክልም ይመቻል። «ሙሽራ በበቅሎ የሚሄደው በየት ነው?» «በክረምት የሚዘጋው የቱ ጋ ነው?» «ውኃ በበጋም አለው?» ርቀትን በሰዓት ጠይቁ፦ «ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ የተነሳ ሰው መቼ ይደርሳል?»

ማንን እንጠይቅ? እህል ጭነው ገበያ የሚመላለሱ አህያ ነጂዎች ከሁሉ ይቀድማሉ። የጤና ኤክስቴንሽንና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ቀበሌውን ቤት ለቤት ያውቁታል፤ በየትኛው ወንዝ ስንት ቀን እንደሚታገዱም ይነግሯችኋል። ቄሶች የአጎራባች ደብሮችን መንገድ ያውቃሉ። እረኞች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ግን ሳይክሉን ለማየት ሲሉ ለሁሉም «አዎ» ስለሚሉ ሁለተኛ ሰው ጠይቁ። ሰላምታ ከሳይክል ወርዳችሁ ስጡ። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ታላቅን ሰው መንገድ መጠየቅ ነውር ነው፤ መልሱም አጭር ይሆናል።

እንግዳ ከመውሰዳችሁ በፊት

መጀመሪያ በእግር ሂዱ። በሳይክል ወርዶ የሚመለስበት ያጣ ሰው ብዙ ነው፤ በእግር የወጣ ግን የሚወርድበትን አይቶ ወጥቷል። ብቻችሁን አትሂዱ። በየመታጠፊያው ፎቶ ስታነሱ ወደ ኋላ ዞራችሁም አንሱ፤ መንገድ ሲመለሱበት ሌላ ይመስላል። የጉዞውን መስመር በስልክ መዝግቡ።

ማስታወሻችሁ አምስት ነገር ይያዝ፦ ሳይክል የሚገፋበት ቦታ፣ ውኃ የሚገኝበት፣ ውሻ ያለበት ቤት፣ እሾህ አጥር ያለበት፣ መኪና ወይም ባጃጅ የሚደርስበት ቅርብ ቦታ። የመጨረሻው ሰው ሲጎዳ ያስፈልጋል። ወረታና ደብረ ታቦር ሆስፒታል አላቸው፤ ከመንገዱ ወገብ ላይ የትኛው እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ሁለተኛውን ጉዞ በሳይክል፣ ሦስተኛውን ከእናንተ ደከም ካለ ጓደኛ ጋር አድርጉት። ሰዓቱን የምትለኩት በእሱ ነው፤ እንግዳችሁም ከእሱ አይበረታም። የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። እኩለ ቀን ላይ ጉልላቱ ካልተደረሰ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ በደን ጠርዝ ያመሸ ሰው ጅብ ይጠብቀዋል።

ወር መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን ሥራ ተዉት። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ዋልካው ጎማና ፍሬን መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ በእንጨት ስትፍቁ ትውላላችሁ። ኮረብታው ቀድሞ ይደርቃል፤ ጥቅምት ውስጥ ከላይ ያለው መንገድ ሲነዳ ከታች ያለው ገና ጭቃ ነው። ሩዙ በሚታጨድበትና በሚወቃበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳውም ይደርቃል፤ ያኔ ግን ምርት በሚመላለስበት መንገድ ቅድሚያ የሥራው ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል፤ መንገዱም አቧራ ይሆናል፣ ቁልቁለት ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት እንደ ጠጠር ያንሸራትታል።

ሳይክሉና መያዣው

ውድ ማውንቴን ሳይክል ግዴታ አይደለም። ግዴታው ሁለቱም ፍሬን በደንብ መያዙ፣ ማርሹ አለመዝለሉና ጎማው አለመላጡ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ሳይክሉን ቆማችሁ በፊት ፍሬን ብቻ ያዙትና ግፉት፤ ጎማው ከዞረ አትውረዱ። ድንጋይ በበዛበት መንገድ ነፋሱን ትንሽ መቀነስ ጎማው መሬት እንዲይዝ ይረዳል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን በታች ግን አታውርዱት።

በዚህ አካባቢ ጎማ የሚጨርሰው እሾህ ነው። ገበሬው ማሳውን በግራርና በቀጋ ያጥራል፤ አጥሩ ሲታደስ የተቆረጠው እሾህ መንገዱ ላይ ይወድቃል። ጎማ ሲበሳ ካላማዳሪውን ብቻ ለጥፋችሁ አትመልሱ። የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ቀስ ብላችሁ ዳሱ፤ የተሰበረው ጫፍ ጨርቁን ይይዛል፤ በፒንሳ ካልወጣ አዲሱንም ካላማዳሪ ይበሳዋል። ኮረብታ ላይ ጎሚስታ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳይክል አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ለሁሉም ማስቲሽና ልጣፊ፣ ፓምፕ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍና የካቴና ማያያዣ ይያዝ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ በሶ ወይም ቆሎ አይቅር። ራስ ቁር ለእንግዳም ለእናንተም ግዴታ ይሁን።

ደኑ ባለቤት አለው

አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው የደን ተመራማሪ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በ1999 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በእነዚሁ የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። ከሥራቸው የምንማረው አንድ ቁም ነገር ከብት በገባበት ደን ችግኝ እንደማያድግ ነው። በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲሠራ የቆየውም ለዚህ ነው። ሳይክልም ከነበረው መንገድ ወጥቶ አዲስ ካወጣ ከከብት አይሻልም። ካብ አትሻገሩ፤ ለመታጠፊያ ብላችሁ ቁጥቋጦ አትቁረጡ።

ቤተ ክርስቲያን ጋ ስትደርሱ ከደኑ ጠርዝ ጀምሮ ወርዳችሁ ግፉ፤ ሳይክሉን ከቅጽሩ ውጭ አቁሙ። የሚመለከታቸውን አባት ፈልጉና «አባ፣ ይባርኩን፤ በዚህ ማለፍ ይፈቀዳል?» በሉ። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስላሉ እንግዳ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። በክብረ በዓል ቀንና በቅዳሴ ሰዓት አትምጡ። ዓለም ሳጋን በመሰለ የመንግሥት ደን ደግሞ የደን ጠባቂውንና የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያዙ።

ስለ ጸጥታም በግልጽ እንነጋገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ግጭት ውስጥ በመቆየቱ፣ ከዋና መንገድ ወጣ ያለ ቦታ ትናንት ሰላም ቢሆን ዛሬ ላይሆን ይችላል። በተነሳችሁበት ጠዋት ከቀበሌው ሰውና ከሾፌሮች አጣሩ፤ የሚያመነታ መልስ ከሰማችሁ ጉዞው ይቅር። መታወቂያና የወረዳ ደብዳቤ ያዙ። ካርታ እያዩ ፎቶ የሚያነሱ እንግዶች በማንኛውም ወገን ዓይን ሊጠረጠሩ ይችላሉና የአካባቢው ሰው ከፊት ይሂድ። ወቅቱ የማይፈቅድ ከሆነ ካርታውን ማጥናት፣ መጠየቅና ሳይክል መጠገን በቤት የሚሠራ ሥራ ነው።

መንገዱ እንጀራ እንዲሆን

ብዙ መንገድ ከማወቅ ሦስት መንገድ አጥርቶ ማወቅ ይሻላል፦ አንድ ለጀማሪ የሁለት ሰዓት፣ አንድ የግማሽ ቀን፣ አንድ የሙሉ ቀን። ለእያንዳንዱ መነሻውን፣ ጠቅላላ ዳገቱን፣ የሚገፋበትን ቦታና ዋጋውን በአንድ ገጽ ጻፉ። ዋጋ ስታወጡ የሳይክል ጥገናን፣ የመኪና ኪራይን፣ የመንደር አስጎብኚን አበልና ለደብሩ የሚሰጠውን አትርሱ፤ እነዚህ ካልተሰሉ በሁለተኛው ወር ካፒታል ይበላል። ለመምራት የሙያ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ገንዘቡ መንደር ውስጥ ይቅር። በዚሁ በወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ፣ መቄት ውስጥ «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ማረፊያውን የሚያስተዳድረውም ከእንግዳ የሚጠቀመውም የመንደሩ ሰው ሲሆን፣ መንገዱን የሚጠብቀው እሱው ይሆናል። ቡና የምታፈላላችሁ እማወራ፣ ውሻውን የሚይዝላችሁ ጎረቤትና መንገድ ያሳያችሁ አህያ ነጂ የድርሻቸውን ካላገኙ፣ በቀጣዩ ዓመት እሾህ የሚጠርግላችሁ አይኖርም። የደብር ወይም የመንደር መንገድ መስመሩን በስልክ ለዓለም ከመልቀቃችሁ በፊትም ሰዎቹን አስፈቅዱ። እናንተ በጨዋነት ያለፋችሁበትን ሌላው በፍጥነት ሊያልፍበት ይችላል፤ ነዋሪው ግን የሚያውቀው መጀመሪያ ያመጣችሁትን እናንተን ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሳይክል ሳይነካ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማልዳችሁ ከኮረብታው በኩል ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ ላይ ቁሙ። የጫኑ አህዮች በየትኛው አፋፍ ብቅ እንደሚሉ ቁጠሩ፣ ነጂዎቹን ከየት እንደመጡና ስንት ሰዓት እንደተነሱ ጠይቁ፣ መልሱን ማታ ካርታው ላይ አስፍሩት። ሦስት የገበያ ቀን እንዲህ የሠራ ሰው በሳይክል የሚሞክረውን የመጀመሪያ መንገድ መርጧል።